ሄሎ፣ ውሃ

እንቅልፍ አልመጣም፣ አይመጣምም፣ ቀን ነው፣ ብርሃን አያስገባም ተብሎ የተገዛው መጋረጃ በጎኑ በኩል ፀሐይ አሾልኮ ግድግዳው ላይ ቀጭን መስመር ሠርቷል፣ እኔም የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ አድሬ መጥቼ ያንን መስመር እያየሁ ተጋድሜያለሁ፣ ዛሬ ፋሲካ ነው። የኛ ፋሲካ ማለቴ ነው። እዚህ ጎተንበርግ የእነሱ ፋሲካ አልፏል፣ ለበዓላቸው የሚደረደሩት ቢጫ ቢጫ የመጫወቻ ጫጩቶች ከሱቁ መስኮት ተነስተዋል፣ አለቃዬን የትናንቷን ሌሊት ፍቀድልኝ ልለው ሞክሬ ነበር፣ "ፋሲካ" አልኩት በቋንቋው፣ "አለፈ እኮ" አለኝ፣ "የኔ" አልኩት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ፣ የቀን አቆጣጠራችን ለየቅል መሆኑን የማስረዳበት ቃል ስላልነበረኝ ገብቼ አጠብኩ። ሰው በቃል እጥረት ፋሲካውን ሲሠራ ያድራል። አሁን ላፍቶ፣ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ፣ ዶሮው ተበልቷል፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሁሉ ጾሙን ፈቶ ጋደም ብሏል፣ ያልፈታሁት እኔ ብቻ ነኝ። የኔ ጾም ከሥጋና ከቅቤ አይደለም፣ እሱን እዚህ የሚጠይቀኝ የለም፤ የኔ ጾም ከስልክ ነው። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ልጄን አላናገርኩትም፣ ድምፄን አልሰማም፣ ድምፁን አልሰማሁም። ዛሬ ይፈታል፣ ግን ባለቤቴ ማርቲ "ስንነሳ እኔ ራሴ እደውላለሁ፣ አንተ እንዳትደውል፣ አደራ" ብላ ጽፋልኛለች፣ ስለዚህ እጠብቃለሁ፣ ስልኩ ደረቴ ላይ ነው፣ ከትንፋሼ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

ልጄ ኖላዊ ይባላል፣ አራት ዓመቱ ነው፣ እኔ ስወጣ ጥርስ አልነበረውም። ለአጭር ሥልጠና ነበር የመጣሁት፣ ሥልጠናው አለቀ፣ እኔ ቀረሁ፣ ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ እነሱን ለማምጣት የቤተሰብ ጉዳይ ማመልከቻ፣ ከዚያ መጠበቅ። ልጁ ያደገው በድምፄ ነው። መጀመሪያ በቪዲዮ ሞክረን ነበር፣ ኔትወርኩ አልቻለም፣ ፊቴ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፍቶ ደርቆ ይቀራል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ "ተወው ደምሴ፣ በድምፅ ይሁን፣ እያስፈራኸው ነው" አለች ማርቲ፣ በድምፅ ሆነ። ያኔ የቀን ፈረቃ ነበርኩ፣ በእረፍቴ እደውላለሁ፣ እሷ ስልኩን ጆሮው ላይ ትለጥፍለታለች፣ እኔ አወራለሁ፣ ስለ ትራሙ አወራለሁ፣ ስለ በረዶው አወራለሁ፣ ደረጃው ላይ ስለምትተኛው ስሟን ስለማላውቃት ድመት አወራለሁ፣ እሱ ይተነፍሳል። ያቺን ትንፋሽ ለመስማት ከማጠቢያ ማሽኖቹ ርቄ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እቆማለሁ። እረፍቱ ሲያልቅ ማሽኑ ይጮሃል፣ ጢጥ ጢጥ ጢጥ፣ ያን ጊዜ "ቆይ ኖላዬ፣ ሰው እያናገረኝ ነው፣ መልሼ እደውላለሁ" እለዋለሁ። ሰው የለም። የሚጠራኝ ማሽን ነው፣ ግን ለልጅ አባትህን ማሽን ጠራው አይባልም፣ አባት ትንሽ ክብር ያስፈልገዋል፣ ሰው ፈለገኝ ማለት ያምራል። መልሼ ግን እደውላለሁ፣ እሱ ላይ ውሸት የለም።

አፉን የፈታው በ"ሄሎ" ነው። የሰው ልጅ በእማዬ በአባዬ ይፈታል፣ የኔው "ሄሎ" አለ፣ ቀጥሎ "ይሰማል?" አለ፣ ቀጥሎ "ተቋረጠ"። ዳቦው ሲያልቅ ተቋረጠ፣ ዝናቡ ሲያባራ ተቋረጠ፣ ገላውን እየታጠበ ቧንቧው ሲደርቅ ተቋረጠ፣ እሱ እንኳ ልክ ነው። ያለፈው ፋሲካ በግ ሲታረድ አይቶ "ቻርጅ ጨረሰ" አለ ብላ ማርቲ እየሳቀች ነገረችኝ፣ እኔም አንሶላ እያጠፍኩ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ፣ ጥሩ ቀን ነበር። ከዚያ ሪሞቱ መጣ። ውሃ ሲጠማው እናቱ ፊት ለፊቱ ቆማ እያለች የቴሌቪዥኑን ሪሞት አንስቶ ጆሮው ላይ ይለጥፍና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ "ሄሎ፣ ውሃ" ይላል። እሷም እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ "ሄሎ፣ ማን ልበል?" ትለዋለች። "ኖላ።" "አቤት ጌታዬ፣ ምን ልታዘዝ?" "ውሃ።" "እሺ፣ መንገድ ላይ ነው!" ውሃው ይመጣል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሪሞት ሲጠፋ በሳሙና ይደውላል፣ ሳሙና ሲጠፋ በነጠላ ጫማ። ቀርጻ ላከችልኝ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ አሳየሁ፣ ቋንቋውን የማያውቁትም ሳቁ፣ ኮራሁ፣ ግድግዳውን ማየቱ ሳይቀር እኔን ነው የሚመስለው ብዬ ኮራሁ፣ ግድግዳ ማየቴን ከየት እንዳወቀ ግን አልጠየቅሁም። ያለ ስልክ አንዲት ቃል እንደማይወጣው ማናችንም ልብ አላልንም፣ እየሳቅን ስለነበር ነው።

ያልሳቁት አማቴ እማማ ወርቅዬ ብቻ ናቸው። "ይሄ ልጅ የሰው ዓይን አያይም" አሉ አንድ ቀን፣ ትክክል ነበሩ፣ ግን ትንፋሽ ሳይወስዱ "በጨቅላነቱ መስታወት አሳይታችሁት ነው" ብለው ጨመሩበት፣ ማርቲ "እማዬ ደግሞ!" አለች፣ በመስታወቱ ምክንያት ዓይኑም አብሮ ተረሳ። ኬጂ ገባ። እዚያው ሰፈር ነው፣ ግቢው ትንሽ፣ ግድግዳው ላይ ዝሆንና ፊደል የተሳለበት። ሚሷን በየጊዜው "እንዴት ነው?" ስንላት "ጨዋ ነው፣ አይረብሽም፣ ድምፁ አይሰማም" ትለናለች፣ እኛ ደግሞ ጨዋ ልጅ ወለድን ብለን እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን፣ እኛ አገር ዝም ያለ ልጅ ታሞ ነው የሚል የለም፣ ተቀጥቶ ያደገ ነው ይባላል። አንድ ቀን ማርቲ ልትወስደው ስትሄድ ሱሪው ረጥቦ ጥግ ላይ ቆሟል፣ በእጁ የእንጨት መጫወቻ ይዟል፣ ሚሷ ምን እንደሆነ አላወቀችም፣ የተናገረችው ሲምቦ ናት፣ የጎረቤታችን የቡዜ ልጅ፣ አብራው የምትማር፣ "ሽንቴ መጣ ብሎ ሲደውል ነበር" አለች። ሲደውል። በእንጨት። ሄሎ፣ ሽንት፣ ሄሎ፣ ይሰማል? ማንም አላነሳለትም። ማርቲ ይህን ስትነግረኝ ትራም ውስጥ ነበርኩ፣ አሁን ሳስበው እንኳ ትራም ውስጥ ነኝ፣ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ ታደርጋለች፣ ምን ነካው ብላ፣ መስኮቱ ላይ አንድ ሰው ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይታየኛል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሯል። ኬጂው፣ ልጁ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልተናገረ ኬጂ ሁለት አናስገባውም ብሏል ትለኛለች፣ እኔ እሺ እላለሁ፣ የምወርድበት ፌርማታ አልፏል።

ጠይቃ አጠያይቃ ጎፋ የልጆችን ንግግር የሚያዩ ባለሙያ አገኘች፣ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ይባላሉ፣ እኔም እንድሰማ ማርቲ ስልኩን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጆሮውን አዩ፣ ደህና ነው፣ ምላሱን አዩ፣ ደህና ነው፣ ከዚያ "ይሄ ስልክ ክፍት ነው?" አሉ፣ "አባቱ ነው" አለች፣ "ይቅርታ፣ ለትንሽ ጊዜ" አሉና መሳቢያ ውስጥ ከተቱኝ። የልጄን ምርመራ ከመሳቢያ ውስጥ ነው የተከታተልኩት። ኳስ ስትንከባለል ሰማሁ፣ ትቆማለች፣ ትመለሳለች፣ "ያንተ ተራ" ይላሉ ሴትዮዋ፣ "የኔ ተራ" ይላሉ፣ ልጄ ዝም፣ ኳሷ ብቻ ወዲህ ወዲያ፣ ብዙ ቆየች፣ የወረቀት ማያያዣዎች ይሁኑ ሳንቲሞች በጆሮዬ በኩል ይንኳኳሉ። መሳቢያው ተከፈተ።

"አባት፣ ይሰሙኛል?"

"እሰማለሁ።"

"ልጅዎ ቃል አልጠፋበትም። ቃል ስልክ ውስጥ ነው የሚኖረው ብሎ ነው። ልጅ ንግግር የሚይዘው ፊት እያየ ነው፣ እሱ ሲናገር የሚመልስለትን ሰው አፍና ዓይን እያየ። ለሁለት ወር ያህል ስልክ ፊቱ አይታይ። ሪሞትም ቢሆን ጆሮው ላይ ከያዘው አትመልሱለት። እርስዎም አይደውሉለት።"

"እኔ እኮ አባቱ ነኝ።"

"ስለሆኑ ነው የምነግርዎ" አሉ፣ ድምፃቸው ክፋት አልነበረበትም፣ ክፋት ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

ማታ ከማርቲ ጋር ተነታረክን።

"እንግዲህ እኔን ነዋ የምታስቆሙት" አልኳት።

"ስልኩን ነው።"

"ስልኩ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ።"

ከጀርባዋ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል። "ደምሴ፣ ሁዳዴ ሊገባ ነው። እንደ ጾም ቁጠረው። እኔ ሥጋ አልበላም፣ አንተ አትደውልም፣ በፋሲካ አብረን እንፈታለን።"

"ከረሳኝስ?"

"ከረሳህ አፍ አለኝ፣ እነግረዋለሁ። ሽንቱን ለእንጨት እየነገረ ግን አላሳድገውም።"

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ጾሙ ገባ። እጄ በለመደው ሰዓት ወደ ስልኩ ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ፣ ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ፣ የሌሊት ፈረቃ ይሰጠኝ ያልኩትም ለዚህ ነው፣ በዚያ ሰዓት ተኝቼ ልለፈው ብዬ፣ ይኸው አልተኛሁም። ከዚያ አንድ ቀን ዳቦ ልገዛ ገብቼ ባለሱቋን ላናግራት አፌን ስከፍት ድምፄ አልወጣም፣ የሆነ ጉርርር የሚል ነገር ወጣ፣ "ምን?" አለችኝ፣ በጣቴ አሳየኋት። መቼ ነው የተናገርኩት? ትናንት አልተናገርኩም። ከትናንት በስቲያም አልተናገርኩም። ማሽን ቤት ጆሯችንን ደፍነን ነው የምንሠራው፣ በእጅ እንጠቃቀሳለን፣ ክፍሌን ያከራየኝ ሰውዬ የሚለኝን ወረቀት ላይ ጽፎ በሬ ላይ ይለጥፋል፣ ለካ እኔም የማወራው በስልክ ብቻ ነበር። የቋንቋ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ ሄጃለሁ፣ ካርድ ታነሳለች አስተማሪዋ፣ ፖም፣ ውሻ፣ ቤት፣ ጢማሞች ተሰብስበን ፖም እንላለን፣ እኔን ለብቻዬ ጠርታ "ብዙ ትረዳለህ፣ ግን አትናገርም፣ ለምን ክፍሉን አታይም? ሁልጊዜ ግድግዳ ታያለህ" አለችኝ፣ እኔም የሚሷ ቃል ትዝ ብሎኝ ጨዋ ስለሆንኩ ነው ልላት ፈለግሁ፣ ጨዋ በእነሱ ቋንቋ ምን እንደሚባል አላውቅም። ብቻዬን ስሆን የቤተሰብ ጉዳያችን ያለበት መሥሪያ ቤት እደውል ነበር፣ ለመጠየቅ አይደለም፣ አሁንም ወረፋ ላይ መሆናችንን አውቃለሁ፣ የሚያነሳው የተቀዳ ድምፅ ነው፣ ስለታገሱ እናመሰግናለን ይላል፣ ምንም አይደል እለዋለሁ በአማርኛ። ይኼ ያስቃል። ለማርቲ ብነግራት ትስቅ ነበር፣ ግን ለማርቲም የምነግራት በጽሑፍ ብቻ ነው፣ ልጁ ፊት በስልክ አታወራም።

እሷ ስትጽፍልኝ ልጁ ተኝቶ ነው። "ዛሬ ሪሞቱን ደበቅነው፣ በድንች ደወለ" ብላ ጻፈች። "ውሃ ሲል አልመለስኩለትም፣ አለቀሰ፣ እኔም ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።" ሌላ ቀን፣ "ዛሬ ቀሚሴን ጎተተ።" ሌላ ቀን፣ "ዛሬ አየኝ። ደምሴ፣ ዓይኔን አየኝ፣ ምንም አላለም ግን አየኝ።" ከዚያ በኋላ ስለ እሱ መጻፍ ተወች። ሰሙነ ሕማማት ነው፣ ስግደት ላይ ናት፣ ደክሟት ነው እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ የሚጻፍ ደግ ነገር ቢኖር ሳትጽፍ አትቀርም እላለሁ። የፈራሁት ሁለት ነገር ነው። ሳይናገር እንዳይቀር ፈራሁ። ያለ እኔም መናገር እንደሚችል እንዳያሳየኝ ፈራሁ፣ ይህ ሁለተኛው ለማንም አይነገርም፣ አባት እንዲህ አያስብም፣ እኔ ግን አስቤያለሁ፣ በየሌሊቱ አንሶላ እያስገባሁ አንሶላ እያወጣሁ አስቤዋለሁ። ግድግዳው ላይ ያለችው መስመር ወደ ቁም ሳጥኑ ደርሳለች። ተነስቼ ውሃ ልጠጣ እላለሁ፣ አልነሳም፣ ብነሳ ይደወላል።

ደረቴ ላይ ተንቀጠቀጠ።

"ሄሎ" አልኩ፣ ድምፄ እንደ ሰው ድምፅ ወጣ።

"እንኳን አደረሰህ!"

"እንኳን አብሮ አደረሰን። እንዴት ናችሁ? እማማ ወርቅዬስ?"

"ደህና ናት፣ ዶሮው ጨው በዛበት እያለች ሦስቴ አስጨምራለች።" ከኋላዋ ግርግር አለ፣ ሰሃን ይንኳኳል፣ ሕፃናት ይጮሃሉ፣ አንደኛዋ ልጅ "በጉ ነገ ይመጣል!" ትላለች፣ ሌላው ደግሞ ከእሷ በላይ ጮሆ "አይመጣም! በጉ ሞቷል! አርደውት ሥጋ ሆኗል፣ አንቺም እኮ ቅድም በላሽው!" ይላታል። "እኔ የበላሁት ዶሮ ነው!" "ዶሮውም ሞቷል!"

ሳቄ መጣ። "የማን ልጅ ነው ይሄ ምላሰኛ? ቡዜ እንግዳ መጥቶባት ነው?"

ሰሃን ስታስቀምጥ ተሰማኝ።

"ማርቲ?"

"ደምሴ" አለች ቀስ ብላ፣ "ያንተ ነው።"

እኔ የማውቀው ትንፋሽ ነው። እኔ የማውቀው ሄሎ የሚል፣ ጆሮ ስር የሚንሾካሾክ ድምፅ ነው፣ ክፍል አቋርጦ የሚሄድ ድምፅ እንዳለው ከየት ልወቅ። ሞቷል አለ። ቻርጅ ጨረሰ አላለም። ትክክለኛው ቃል ነው፣ እኔ ግን ያቺ አሮጌዋ ቃል አሳዘነችኝ፣ እኔ የሰጠሁት እሷን ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"በጆሮህ እንድትሰማው ብዬ ነዋ። የፋሲካ ስጦታህ ነው" አለች፣ እያለቀሰች እንደሆነ ገባኝ። "ከሆሳዕና ወዲህ ነው። ሲምቦ ናት የፈታችው፣ እኛ አይደለንም። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ታዞረውና 'ንገረኝ' ትለዋለች፣ እስኪነግራት አትለቀውም። ቆይ ልጥራው። ኖላ! ኖላዬ፣ ና፣ አባዬ ነው፣ ና አናግረው!"

እግሩ መሬቱን እየደበደበ መጣ። ከዚያ ትንፋሹ፣ ያው የማውቀው፣ ትንሽ ሩጫ አለበት። ተነስቼ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ፣ ፊቴን ከግድግዳው ወደ ክፍሉ አዞርኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሚያየኝ የለም።

"ኖላዬ" አልኩ። "አባዬ ነኝ።"

"አባዬ!" አለ። አልረሳኝም። ለሁለት ወር ያዘጋጀሁት ወሬ ነበር፣ ስለ ድመቷ ልነግረው ነበር፣ መውለዷን፣ ወንድ መስላኝ ሴት ሆና መገኘቷን። አፌን ስከፍት ከወዲያ ማዶ ሲምቦ "ኖላ! ና እንጂ፣ ከዚያስ? በጉ ከዚያስ?" አለችው።

"ቆይ አባዬ" አለኝ ልጄ፣ በኔ አነጋገር፣ በኔ ችኮላ፣ ቃል በቃል፣ "ሰው እያናገረኝ ነው፣ መልሼ እደውላለሁ።"

ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ዱብ አለ። እግሩ ሄደ። "ከዚያ ደግሞ" ሲል ይሰማኛል፣ "ከዚያ ደግሞ ቆዳውን ሰውዬው ወሰደው..." ደስ አለኝ፣ ከፋኝም፣ የትኛው እንደቀደመ እንጃ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ብያታለሁ፣ አንድም ቀን እውነት ሆና አታውቅም፣ ማሽን ነበር የሚጠራኝ፣ እሱ አፍ ላይ እውነት ሆነች፣ በእርግጥ ሰው እያናገረው ነው።

ማርቲ ስልኩን አነሳችው። "ደምሴ፣ በሞቴ እንዳትቀየመው፣ ልጅ ነው፣ ልመልሰው?"

"አትጥሪው" አልኳት። "ሰው እያናገረው ነው።"

ዘጋን። መስመሯ ከግድግዳው ላይ ጠፍታለች፣ ፀሐይዋ ወደ ጣሪያው ዞራለች። መልሼ እደውላለሁ ካለ ይደውላል፣ ከኔ ነው የተማረው፣ እኔ እንደዚያ ብዬ ሳልደውል ቀርቼ አላውቅም። የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁትና ትራሱ አጠገብ አስቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ።